ከላዩ ሕንፃ ያልነበረው ጣቢያ፦ የደለስ ኤርፖርት የምድር ውስጥ ባቡር

ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ውስጥ ወደ ሲ ጌቶች (ወደ ሲ የመሳፈሪያ በሮች) የሚሄድ ሰው ፍተሻውን ጨርሶ ባቡር ይሳፈራል። ሹፌር የለውም። ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው። በሩ ከመዘጋቱ ዋሻ ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ «ሲ» የሚል ጣቢያ ላይ ያወርዳል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ከዚያ ግን መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ ሌላ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ይያያዛል። ሲ ጌቶች ያሉበት ሕንፃ ከጣቢያው በላይ አይደለማ። ጣቢያው የተሠራው ወደፊት አዲስ ሕንፃ ይቆምበታል በተባለ ቦታ ላይ ነው። ባቡሩ ሥራ የጀመረው ጃንዋሪ 26 ቀን 2010 ነው። ሕንፃው ግን ለዓመታት ቀረ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጉዳይ ባቡሩ ተበላሸ የሚል ወሬ አይደለም። ባቡሩ ደህና ባቡር ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ኤርፖርት ገና ለሌለ ሕንፃ ጣቢያ ሠርቶ ሲጠብቅ፣ የመጠበቁን ዋጋ በየቀኑ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ማየት ስለፈለግኩ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ኤርፖርቱ የተሰየመው በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩት በጆን ፎስተር ደለስ ነው። በእኛ ሰው አፍ ግን «ዳላስ» ሆኖ ቀርቷል። አገር ቤት ያለ ዘመድ «ዳላስ ነው የማርፈው» ሲባል ቴክሳስን ቢያስብ አይፈረድበትም። ግራ መጋባቱ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። የኤርፖርቱ የመጀመሪያ ኮድ ዲ-አይ-ኤ ነበር። በእጅ ሲጻፍ ከከተማው ሌላ ኤርፖርት ኮድ ከዲ-ሲ-ኤ ጋር እየተምታታ አስቸገረ። ስለዚህ ፊደሎቹ ተገላብጠው አይ-ኤ-ዲ ሆነ።

ደለስ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከዋሽንግተን መሐል ወደ ምዕራብ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው በዚሁ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ስለሆነ ለብዙ አማርኛ ተናጋሪ የአሜሪካ በር ደለስ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ኢቲ 500 የሚያርፈው እዚህ ነው። በሩ ላይ ታክሲ ይዘው ከሚጠብቁት፣ በመኪና ማቆሚያው ከሚሠሩት መካከል የእኛ ሰው ብዙ ነው። ሻንጣ እየገፋህ ስትወጣ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚልህ ሰው አታጣም።

ሳሎኑ ራሱ ይሂድ

የባቡሩ ታሪክ ያለ ባቡር ነው የሚጀምረው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጄት አውሮፕላን ሲመጣ ኤርፖርቶች ተጨነቁ። አውሮፕላኑ ትልቅ ነው፣ ሰፊ ቦታ ይይዛል። አውሮፕላኖቹን ጎን ለጎን ለማቆም ሕንፃው እንደ ጣት እየረዘመ መሄድ ነበረበት። ሕንፃው በረዘመ ቁጥር መንገደኛው ይራመዳል። አዲሱን ኤርፖርት እንዲነድፍ የተመረጠው የፊንላንድ ተወላጁ አርክቴክት ኤሮ ሳሪነን ነበር። የእሱ ሰዎች በየኤርፖርቱ እየዞሩ፣ ሰዓት ይዘው መንገደኛው ምን ያህል እንደሚለፋ ለኩ። መልሳቸው ለየት ያለ ነበር። መንገደኛው ወደ አውሮፕላኑ ከሚሄድ፣ የመጠበቂያ ሳሎኑ ራሱ ይሂድ አሉ።

ሞባይል ላውንጅ የሚባለው ነገር እንዲህ ተወለደ። የሠራው የመኪናው ኩባንያ ክራይስለር፣ «በድ» ከሚባል ኩባንያ ጋር ሆኖ ነው። አውቶቡስ ነው እንዳይባል ግዙፍ ነው። ርዝመቱ ወደ 16 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ወደ 5 ሜትር ነው። 102 ሰው ይይዛል፤ ከእነዚህ 71ዱ ይቀመጣሉ። በሁለቱም ጫፍ የሹፌር ቦታ አለው፤ ስለዚህ መዞር አያስፈልገውም። ሐሳቡ የሚያስቀና ነበር። ከመኪናህ ትወርዳለህ፣ ትኬትህን ታሳያለህ፣ ጥቂት ተራምደህ ሳሎኑ ውስጥ ትቀመጣለህ። ሳሎኑ ይነቀልና ሜዳውን አቋርጦ አውሮፕላኑ በር ላይ ይለጠፋል። ዝናብ የለ፣ ደረጃ የለ፣ ረጅም ኮሪደር የለ።

ኤርፖርቱን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኖቬምበር 17 ቀን 1962 መረቁት። አይዘንሃወርም በቦታው ነበሩ። ሳሪነን ግን አላየውም። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ51 ዓመቱ አርፏል። ያ ክንፉን ዘርግቶ ሊበር የተነሳ የሚመስለው ሕንፃው እስካሁን ሰውን አንገቱን ያስቀናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ሳሪነን ሕንፃውን ሲነድፍ ወደፊት በሁለቱም ጫፍ እንዲረዝም አስቦበት ነበር። እንዳሰበውም በ1996 ተራዘመ። ከ183 ሜትር ወደ 378 ሜትር፣ ከእጥፍ በላይ አደገ። ዛሬ የቱ አሮጌ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ ለይ ቢባል የሚለይ ጥቂት ነው።

ሳሎኑስ? ሳሎኑ ላይ ግን ዘመን ተለወጠበት።

የሳሪነን ሐሳብ የተሠራው ለአንድ ዓይነት መንገደኛ ነው። ከቤቱ በመኪና መጥቶ፣ ተሳፍሮ ለሚሄድ ሰው። በ1978 አሜሪካ የአየር መንገዶችን ገበያ ነፃ አደረገች። አየር መንገዶቹም በየፊናቸው አንድ ማዕከል መርጠው፣ ሰውን ከየአቅጣጫው እዚያ ሰብስበው፣ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ማቀያየር ጀመሩ። ዩናይትድ አየር መንገድ በ1986 ደለስን ማዕከሉ አደረገ። ትራንዚት የሚያደርገው መንገደኛ ከዋናው ሕንፃ ጉዳይ የለውም። ከአንዱ ጌት ወርዶ ወደ ሌላው ጌት መሮጥ ነው የሚፈልገው። በሳሎን ተጭኖ ሜዳ ለሜዳ መዞር ለእሱ ጣጣ ነው። አውሮፕላኖቹም አደጉ። አንድ ትልቅ አውሮፕላን ለመሙላት አንድ ሳሎን አልበቃ አለ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ አስፈለገ።

ስለዚህ ከዋናው ሕንፃ ባሻገር፣ ከሜዳው መሐል ኮንኮርስ የሚባሉ የመሳፈሪያ ሕንፃዎች ተሠሩ። አውሮፕላኖቹ እነሱ ላይ ይለጠፋሉ፣ መንገደኛው በተለመደው ድልድይ ይገባል። ሲ እና ዲ የሚባሉት፣ አንድ ረጅም ሕንፃ የሆኑት፣ በ1980ዎቹ የተሠሩት በጊዜያዊነት ነው። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም መሆኑን እኛም አገር እናውቃለን። ቢ ኮንኮርስ በ1998 ሲከፈት ግን ቋሚ ሆኖ ነው የተሠራው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወደ ኮንኮርሶቹ መሄጃው ያው ሳሎን ነበር። አውሮፕላን በር ድረስ ይወስዳል የተባለው ቅንጡ ነገር ከሕንፃ ሕንፃ የሚመላለስ ባስ ሆኖ ዐረፈው። እስኪሞላ ይጠብቃል። ሜዳ ላይ አውሮፕላን ካለፈ ቆሞ ያሳልፋል። ሰው የሚሮጠው የትራንዚት ሰዓት እያለቀበት ነው፤ ሳሎኑ ግን በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው።

ዋሻው

ኤርፖርቱን የሚያስተዳድረው የሜትሮፖሊታን ዋሽንግተን ኤርፖርቶች ባለሥልጣን ነው። በ1987 ከፌዴራል መንግሥት በሊዝ ተረክቦታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ትልቅ የማስፋፊያ ፕሮግራም ይዞ ተነሳ። አዲስ የመቆጣጠሪያ ማማ፣ በ2008 የተከፈተ አራተኛ ማኮብኮቢያ፣ ሰፋፊ የመኪና ማቆሚያዎች፣ አዲስ የፍተሻ አዳራሽ በዚያ ውስጥ ነበሩ። የሁሉም አውራ ግን ባቡሩ ነው። ስሙን ኤሮትሬን አሉት።

ለምን ምድር ውስጥ? ዋናው ሕንፃና ኮንኮርሶቹ መካከል ያለው ሜዳ አውሮፕላን የሚመላለስበት ነው። ሐዲድ በላዩ ቢዘረጋ አውሮፕላን አያልፍም። ድልድይ ቢሠራ ደግሞ የአውሮፕላን ጅራት የሚያልፍበት ከፍታ ይፈልጋል። እና ማን ነው የሳሪነንን ሕንፃ በሐዲድ ድልድይ የሚጋርደው? ስለዚህ ተቆፈረ። ኤርፖርቱ አልተዘጋም። ከላይ አውሮፕላን እየሄደ፣ ከታች ዋሻ እየተቆፈረ ዓመታት አለፉ። በመሐሉ በ2004 ከዋናው ሕንፃ ወደ ቢ የሚወስድ የእግር መተላለፊያ ምድር ውስጥ ተከፈተ። የሚሄድ ወለል አለው፤ ቆመህ ይወስድሃል። ይህችን መተላለፊያ እወዳታለሁ። ባቡር ቢቆም ሰው መውጫ አለው ማለት ነው።

ባቡሩን የሠራው የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ከባድ ኢንዱስትሪ ነው፤ ክሪስታል ሙቨር በሚባለው ሞዴሉ። 29 ፉርጎዎች ናቸው፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይቀጠላሉ። አራት ጣቢያዎች አሉት፤ ዋናው ሕንፃ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ። ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 68 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወጪው ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ነው። ለአንድ ኤርፖርት የውስጥ ባቡር ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ አብዛኛው የበላው ደግሞ ፉርጎው ሳይሆን ጉድጓዱና ጣቢያው ነው።

ባቡር ብለን እንጥራው እንጂ የብረት ጎማ የለውም። እንደ መኪና የላስቲክ ጎማ ነው፤ የሚሄደውም በኮንክሪት ላይ ነው። ከመንገዱ እንዳይወጣ የሚመሩት ትናንሽ ጎማዎች አሉ። ኤሌክትሪኩን ከመንገዱ ዳር ካለ መስመር ይወስዳል። የላስቲክ ጎማ ጥቅሙ ቶሎ ይፈጥናል፣ ቶሎ ይቆማል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ጣቢያዎች ሲቀራረቡ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሹፌር የለም ሲባል ሰው የለም ማለት አይደለም። በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ስክሪን ላይ ያፈጠጡ ሰዎች አሉ። ቀኑን ሙሉ የሚነዳው ግን ኮምፒውተሩ ነው። እያንዳንዱ ባቡር የት እንዳለ ያውቃል። ከፊቱ ካለው ባቡር ጋር ያለውን ርቀት ይጠብቃል። ጣቢያ ሲደርስ የባቡሩ በርና የጣቢያው የመስታወት በር ፊት ለፊት እስኪገጥሙ ያስተካክላል፤ ሁለቱም አብረው ይከፈታሉ። አንዱ በር በደንብ ካልተዘጋ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። የአንድ ሰው የሻንጣ ማንጠልጠያ በር ላይ ተያዘ ማለት መቶ ሰው ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። እናም በሩ ሲዘጋ አትሽቀዳደሙ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሌላው የሚመጣው በሁለት ደቂቃ ገደማ ነው።

ውስጡ መቀመጫ ብዙ የለውም። ብረት ይዞ መቆም ነው። ለአጭር ጉዞ ያስኬዳል፤ ቦታ ይቆጥባል። እግር ለሚያማቸው እናቶች ግን ባቡሩ ሲነሳ የሚሰጠው ግፊት ቀልድ አይደለም። ከመነሳቱ በፊት አስይዟቸው።

ያልመጣው ሕንፃ

አሁን ወደ ሲ እንመለስ።

ጊዜያዊውን የሲ እና የዲ ሕንፃ አፍርሶ በምትኩ ቋሚ ኮንኮርስ መሥራት የዕቅዱ አካል ነበር። አዲሱ የሚቆመው ግን እዚያው አሮጌው ቦታ ላይ አይደለም። ስለዚህ ባቡሩ ሲነደፍ ጥያቄ መጣ። የሲን ጣቢያ የት እናድርገው? አሁን ካለው ሕንፃ ሥር ወይስ ከሚመጣው? ከሚመጣው ሥር አደረጉት። አሁን ካለው ጋር ደግሞ በመተላለፊያ አገናኙት። ዲ ከነጭራሹ ጣቢያ አላገኘም። ወደዚያ ሐዲድ መዘርጋት ለሌላ ጊዜ ተባለ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ እኔም ወንበሩ ላይ ብቀመጥ ይህንኑ የምወስን ይመስለኛል። የምድር ውስጥ ጣቢያ እንደ ኪዮስክ ተነቅሎ አይተከልም። ሊፈርስ ቀን ከተቆረጠለት ሕንፃ ሥር በብዙ ሚሊዮን ዶላር ጣቢያ መቆፈር ሞኝነት ነው። ሕንፃው ቶሎ ይመጣል ብሎ ላመነ ሰው፣ መንገደኛ ለጥቂት ዓመት ትንሽ ቢራመድ ምንም አይደለም። ችግሩ «ቶሎ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ባቡር የሚሠራው ኤርፖርቱ ነው። ኮንኮርስ ሲሠራ ግን ዕዳውን በኪራይና በክፍያ እየመለሰ የሚኖረው በዋናነት አየር መንገዱ ነው። አየር መንገዱ እሺ ካላለ ሕንፃው ወረቀት ላይ ይቀራል። የዚያን ጊዜውን ሁኔታ ተመልከቱ። የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በ2001 ደረሰ። የደለስ ትልቁ ደንበኛ ዩናይትድ በዲሴምበር 2002 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ፤ የወጣው በ2006 ነው። በመሐሉ በ2004 ኢንዲፔንደንስ ኤር የሚባል ርካሽ አየር መንገድ ደለስን መናኸሪያው አድርጎ ተነሳ። ትኬት ረከሰ፣ ሰው ጎረፈ። በ2005 የደለስ መንገደኛ ወደ 27 ሚሊዮን ደረሰ። ያንን ቁጥር ያየ ሰው ኤርፖርቱ ጠበበ፣ እንሥራ ቢል አይገርምም። ኢንዲፔንደንስ ግን በጃንዋሪ 2006 ተዘጋ። ቁጥሩ ወረደ። ከዚያ የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ ተከተለ። ባቡሩ በ2010 ሲከፈት ኤርፖርቱ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ያነሰ ሰው ነበር የሚያስተናግደው። የ2005ቱን ቁጥር ያለፈው በ2024 ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት!

ጣቢያው ግን ተሠርቷል። ዋሻ አንዴ ከተቆፈረ «ትንሽ ቆይ» አይባልም። ሕንፃ ግን ይባላል። ሁለቱ የታሰቡት አብረው ነበር፤ አንዱ ከመጣ በኋላ ሌላው ከመንገድ ቀረ። ያልተወለደ ልጅ ስም ማውጣት እንላለን፤ እዚህ አልጋም ተገዝቶለታል።

አትላንታን ሳስብ ልዩነቱ ፍንትው ይልልኛል። የአትላንታ የምድር ውስጥ ባቡር በ1980 ሲከፈት ተርሚናሉም፣ ኮንኮርሶቹም አብረውት ነው የተከፈቱት። ኮንኮርሶቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ እንደ መሰላል እርከን ተደርድረዋል፤ ባቡሩ በመሐላቸው ቀጥ ብሎ ያልፋል። በጎኑ የእግር መንገድ አለ። በኋላ ሲያድጉ መስመሩን በዚያው አቅጣጫ ማርዘም ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ሕንፃውን የሠራው ሐሳብና ባቡሩን የሠራው ሐሳብ አንድ ነው። ደለስ ላይ ግን በ1962 ሳሎን ያለው ኤርፖርት ተሠራ፣ በ1980ዎቹ ጊዜያዊ ሕንፃ ተጨመረበት፣ በ2010 ባቡር ገባበት። ሦስት ዘመን እርስ በርሱ ይነጋገራል፤ ሁልጊዜ ግን አይግባባም።

ሳሪነን ወደፊት አስቦ የሠራው ሕንፃ ተሳክቶ የባቡሩ ጣቢያ ለምን ቆሞ ቀረ? ለእኔ መልሱ ቀላል ነው። ሳሪነን የሠራው ሕንፃ ሳይራዘምም ሙሉ ነበር። ማራዘሚያው ባይመጣ ኖሮ ማንም አይጎድልበትም ነበር። የሲ ጣቢያ ግን ቀጣዩ ክፍል እስኪመጣ ድረስ ጎዶሎ ነው። ጉድለቱንም በየቀኑ በእግሩ የሚሞላው መንገደኛው ነው፤ ልጅ ያቀፈች እናት፣ የትራንዚት በረራው እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ።

እናቶቻችን የሚያውቁት ደለስ

የሚገርመው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ባቡሩን ሲመጣ አያየውም። ከውጭ አገር የገባ መንገደኛ ከአውሮፕላን ከወረደ በኋላ ከሌላው ሰው ሳይቀላቀል ወደ ኢሚግሬሽን መወሰድ አለበት። የሚወስደውም ያው የ1962ቱ ሳሎን ነው። ከዚያ ሁሉ ሰዓት በረራ በኋላ፣ እግሯ ያበጠ እናት ከአውሮፕላን ወርዳ ተራምዳ ስታበቃ እንደገና ሌላ ነገር ላይ ትሳፈራለች። ብዙዎች ሌላ አውሮፕላን ይመስላቸዋል። «ደረስን አላሉም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሳሎኑ ውስጥ ተሰምቶ የሚያበቃ አይመስለኝም። ቆሞ እስኪሞላ ይጠበቃል፣ ይንገጫገጫል፣ ሜዳውን ያቋርጣል። እና አሜሪካን መጀመሪያ የምታየው በዚያ ሰፊ መስኮት ነው።

ባቡሩን የምታገኘው ስትመለስ ነው። የውጭ አየር መንገዶች አብዛኞቹ የሚነሱት ከኤ እና ከቢ ነው። ፍተሻ አልፋ፣ በኤስካሌተር ወርዳ፣ ባቡር ትሳፈርና ኮንኮርሱ ሥር ትወርዳለች። እዚያ ጣቢያውና ሕንፃው አንድ ቦታ ናቸው። ዕቅዱ እንደታሰበው የሠራበት ቦታ ይኸው ነው። እናንተ ግን ይህን አታዩም፤ ሸኚ ከፍተሻው አያልፍም። ስለዚህ ወላጅ የምትሸኙ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ባቡር አለ በሏቸው፤ በራሱ ነው የሚሄደው፣ አይደንግጡ፣ ጌትዎ የተጻፈበትን ፊደል አይተው ይውረዱ። ቋንቋው የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ትኬት ሲቆረጥ ወይም ሲመዘገቡ ዊልቸር ጠይቁላቸው። መራመድ ቢችሉም ጠይቁ። የሚገፋው ሰው መንገዱን ያውቃል።

ጎን ለጎን፣ የከተማው ሜትሮ ደለስ የደረሰው በኖቬምበር 2022 ነው። እሱ ሌላ ባቡር ነው፤ ከኤሮትሬን ጋር አይገናኝም። ግን ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ጣቢያውን ተርሚናሉ አጠገብ ምድር ውስጥ ለማድረግ ታስቦ ነበር። በ2011 ወጪው ታየና ወደ መኪና ማቆሚያው ተገፍቶ ከመሬት በላይ ተሠራ። እዚያም መተላለፊያ አለ። እዚያም ይራመዳሉ። ደለስ ላይ ገንዘብ ሲያጥር የሚከፈለው በእርምጃ ነው መሰለኝ።

ከጣቢያው በላይ

በ2022 የፌዴራል መንግሥት ከመሠረተ ልማት ሕጉ ገንዘብ ላይ ለደለስ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ለአዲስ ኮንኮርስ ነው። ኢ ይባላል፤ 14 ጌቶች ይኖሩታል። ቦታው የት ነው ብትሉ፣ ሲ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ በላይ! በታሰበው መልክ አይደለም። አሮጌውን የሲ እና የዲ ሕንፃ የሚተካው ያ ትልቅ ኮንኮርስ አይደለም፤ አነስ ያለ፣ ከጎኑ የሚጨመር ነው። ግን ከጣቢያው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ላይ የሚወጣበት ሕንፃ ሊኖር ነው። የመክፈቻው ዕቅድ 2026 ነው። ጣቢያው አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቋል ማለት ነው።

ሳሎኖቹም አልተረሱም፤ ያውም በመጥፎ ነገር። በኖቬምበር 2025 አንድ ሞባይል ላውንጅ ዲ ኮንኮርስ ላይ ሲቆም ሕንፃውን ገጭቶ 18 ሰዎች ሆስፒታል ተወሰዱ። ደግነቱ ሕይወት አልጠፋም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደለስን እንደ አዲስ ለመሥራት ሐሳብ ያላችሁ አምጡ ብሎ ጥሪ አወጣ። እዚህ አገር ሐሳብ ከመጠየቅ እስከ መቆፈር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሲ ጣቢያ ይመስክር።

አደጋው የደረሰው ዲ ላይ መሆኑ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ባቡሩ ያልደረሰበት ኮንኮርስ እሱ ነው። ዲ ጌት ያለው መንገደኛ ሁለት ምርጫ አለው። በባቡር እስከ ሲ ሄዶ፣ መተላለፊያውን አልፎ፣ የሲን ሕንፃ ከዳር እስከ ዳር ተራምዶ ዲ መድረስ ይችላል። ወይም ዋናው ሕንፃ ላይ «ዲ» የሚለውን ምልክት ተከትሎ ሳሎኑ በር ላይ ይቆማል። ሳሎኑ ይመጣል፣ ሰው ይገባል፣ እስኪሞላ ይጠበቃል። ሹፌሩ መስታወቱን አይቶ በሩን ይዘጋል። ከሥራቸው፣ መሬቱ ውስጥ፣ ባቡሩ በየሁለት ደቂቃው ያልፋል።